የእትዬ ዘርፌ የሁዳዴ እንቁላል

«ማሚ ዐረፈች» አለችኝ የእትዬ ዘርፌ ልጅ ሄለን በስልክ።

ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ሰፈር፣ አንድ የፈረንጅ መሥሪያ ቤት በር ላይ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ደንበኛ እየጠበቅሁ ነበር። ወጉ «ነፍስ ይማር» ማለት ነው። ከአፌ ያመለጠኝ ግን «እንዴ! በሕማማት?» የሚል ነው። ሄለን እያለቀሰች ሳቀች። «እኔም እንደሱ ነው ያልኳት» አለችኝ።

እውነቴን ነው፣ ሰው እንዴት በሕማማት ይሞታል? እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ምን አገባህ ትሉኝ ይሆናል። ግን ከእትዬ ዘርፌ ጋር ይህን ያህል ዓመት አንድ ግቢ የኖረ ሰው፣ ወደደም ጠላም ግማሽ ዲያቆን ሆኖ ነው የሚወጣው። በሕማማት ፍትሐት የለም። መስቀል እንኳ መሳለም የለም። ቄሶቹ ቀኑን ሙሉ ስግደት ላይ ናቸው፤ ለቀስተኛውም ወገቡን ይዞ ነው የሚመጣው። በሳምንቱ ለሚሞተው ሁሉ በሆሣዕና ዕለት አስቀድሞ ፍትሐት ይደረግለታል ብለው የንስሐ አባታቸው አባ ተክሌ አስረድተውኛል። እትዬ ዘርፌ ግን በጅምላ የሚሆን ነገር አይወዱም ነበር። ሰው በተመቸው ቀን ያደረጉት ነገር ስለሌለ ሲሞቱም ጸሎተ ሐሙስን መረጡ።

ኢስትሊ የሚባለው ሰፈር ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ነጠላ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ሱቃቸው ከፊት፣ መኝታቸው ከኋላ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የሚያከራዩዋቸው ክፍሎች። አንዷን ክፍል የተከራየሁት እኔ ነኝ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረዥም ነው። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው ወርወር ካደረጉ ስድብ እየመጣ ነውና ሰው ቦታ ይለቅ ነበር።

በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ሲናደዱ «አንተ መናፍቅ»፣ ደስ ሲላቸው «የኔ መናፍቅ» ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ከፍቶኝ «እትዬ፣ ስሜ ዮናስ ነው» አልኳቸው።

«ዮናስማ የነቢይ ስም ነው» አሉኝ። «አንተ ላይ አላባክነውም።»

ሰፈሩ በሁለት ነገር ያውቃቸዋል፣ በምላሳቸውና በፆማቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሁዳዴን ፈትተው አያውቁም። ወልደውም፣ ታመውም፣ ሞያሌን በስደት ሲያቋርጡም ፆመዋል። ይህ የሚደንቀው ደግሞ እንደሳቸው ሆዳም ሰው አይቼ ስለማላውቅ ነው። «እግዜር ሆድ ሲሰጠኝ ቁልፉን ረስቶታል» ይሉ ነበር። ከሱቃቸው ፊት ለፊት ወይዘሮ ብርነሽ የሚባሉ ነጋዴ አሉ፤ ማኅበርተኛቸውም የፆም ተፎካካሪያቸውም ናቸው። ብርነሽ ዓሣ አይነኩም፣ ዘይት ይቀንሳሉ፣ ፆማቸውን እስከ ማታ ይገፋሉ። እትዬ ዘርፌ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን ይወረውራሉ። «እሷማ በፍስኩም አትበላም! ያ ፆም አይደለም፣ ስስት ነው።»

የመጀመሪያዋን እንቁላል ያመጣሁት እኔ ነኝ። የፈረንጅ ፋሲካ ሲደርስ የናይሮቢ ሱፐርማርኬት ሁሉ የቸኮሌት እንቁላል በቸኮሌት እንቁላል ይሆናል። የወርቅ ወረቀት የለበሰ፣ ቀይ የለበሰ፣ ጥንቸል የተሳለበት። ጥንቸል ከመቼ ወዲህ ነው እንቁላል የምትጥለው ብዬ ብዙ ሰው ጠይቄ የመለሰልኝ የለም። አንዲት ደንበኛዬ ቡጢ የምታክል፣ ወርቅ የለበሰች እንቁላል ሰጠችኝ። ያኔ ሚስትም ልጅም የለኝም። ለማን ልስጣት? ለእትዬ ዘርፌ ወሰድኩላቸው።

«ምንድን ናት?»

«እንቁላል ናት እትዬ። የፋሲካ ስጦታ።»

«በሁዳዴ እኩሌታ? እንቁላል? አንተ መናፍቅ፣ ነፍሴን ልትበላት ነው እንዴ?»

ተቀበሉኝ ግን። ወርቅ የለበሰ ነገር መመለስ አያውቁበትም። መደርደሪያው ላይ ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ኋላ አስቀመጧትና «እሱ ይጠብቃታል» አሉ። ከምን እንደሚጠብቃት ያን ጊዜ አልገባኝም።

የፋሲካ ዋዜማ የግቢው ቀማሽ እኔ ነበርኩ። ፆመኛ ሴት ወጧን ሳትቀምስ ነው የምትሠራው፤ ጨው በዛ አነሰ የሚል አፍ ያስፈልጋታል። እትዬ ዘርፌ እኔን ያከራዩኝ ለአፌ ብለው ሳይሆን አይቀርም። የዚያን ዕለት ክፍሌ ጋደም እንዳልኩ ጩኸታቸው ግቢውን አናጋው።

«አንተ መናፍቅ! ና ውጣ! እንቁላልህ ደማች!»

ሮጬ ስደርስ ለዶሮ ወጡ የሚቀቀሉት እንቁላሎች ጭቃ በመሰለ ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ነጮቹ ሁሉ ቡናማ ሆነዋል። መሃል ላይ የወርቁ ወረቀት እንደ አሮጌ ጨርቅ ተኮማትሯል። እንቁላሏን ከነወርቋ ከሌሎቹ ጋር ቀቅለዋታል። የፈረንጅ ዶሮ የጣለችው፣ ለጌጥ የተጠቀለለ እንቁላል ነው የመሰላቸው፤ እኔ ደግሞ ቸኮሌት መሆኑን የማያውቅ ሰው በምድር ላይ ያለ አልመሰለኝም። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ።

«ቸኮሌት ነው እትዬ።»

«እንቁላል ውስጥ ቸኮሌት ማን ከተተ?»

«እንቁላል የለውም። ራሱ ቸኮሌት ነው።»

ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ዶሮዋ ምን ሠራች?» አሉኝ።

ወረቀቱን ግን አልጣሉትም። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ፆማቸውን ከፈቱ በኋላ፣ እጥፋቱ ውስጥ የተረፈውን በጣታቸው ጠረግ አድርገው ላሱት። ከዚያ ዝም አሉ። እትዬ ዘርፌ ዝም ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ዶሮ ወጡ ቀርቦ፣ እንግዳው ተሰብስቦ፣ ሰው ሁሉ ቡናማዎቹን እንቁላሎች በጥርጣሬ እያገላበጠ፣ እሳቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይሄ ነገር የት ነው የሚሸጠው?» አሉኝ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የፈረንጅ ፋሲካ ካለፈ በኋላ እንቁላሎቹ ከሱቅ ይነሳሉ። የኦርቶዶክሶቹ ፋሲካ ብዙውን ጊዜ ኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እትዬ ዘርፌ ፋሲካ ላይ እንቁላል መብላት ከፈለጉ በሁዳዴ ተገዝታ መቀመጥ አለባት። ቤታቸው ትቀመጥ? «ራሴን አውቃታለሁ፣ ሌባ ናት» አሉ። እኔ ጋ በአደራ ተቀመጠች። ካገባሁና ከግቢው ማዶ ቤት ከያዝኩ በኋላም አደራው እኔ ጋ ቀረ። የፆመኛ እንቁላል በጴንጤ ፍሪጅ!

በየሁዳዴው ሊጠይቁን ይመጣሉ። ሚስቴን ሰላምን «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ይሏታል፤ ዓይናቸው ግን ፍሪጁ ላይ ነው። ደህና መሆናቸውን ሳይሰሙ «እስቲ አውጣት» ይሉኛል። አወጣታለሁ። በመዳፋቸው መዘን ያደርጓታል፣ አፍንጫቸው ጋ ይወስዷታል፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«እትዬ፣ ሲይዟት ትቀልጣለች እኮ» ትላቸዋለች ሰላም።

«እኔስ? እኔ የማልቀልጥ ይመስልሻል?»

ማሽተት ፆም ያስፈታ እንደሆነ የንስሐ አባታቸውን አባ ተክሌን ጠይቀዋል። አባ ተክሌ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ፣ ሳቃቸውን ጢማቸው ውስጥ የሚደብቁ ቄስ ናቸው። «በሥጋ ቤት በር ያለፈ ሁሉ ፆም ፈታ ሊባል ነው እንዴ?» አሏቸው። ከዚያ ወዲያ ጉብኝቱ በረከተ። መብራት ሲጠፋማ ሻማ ሳናገኝ በሩን የሚደበድቡት እሳቸው ናቸው። «እንቁላሏ!» እያሉ። ቀዝቃዛ ውሃ በሳፋ ቀድተን አጠገቧ ተቀምጠን መብራት እንጠብቃለን፣ በሽተኛ እንደምናስታምም።

አምና ሁለቱ ፋሲካዎች አንድ ቀን ዋሉ። በቃ ተገላገልን ብዬ ነበር። ፆሙ ሲፈታ ሱቁ ገና እንቁላል እንደሞላ ነው፤ አደራ የለ፣ ሳፋ የለ። እትዬ ዘርፌ ራሳቸው መሃል ከተማ ወርደው በዋዜማው አንድ ትልቅ ገዙ። ከፋሲካ ማግስት ወረቀቷን ብቻ ይዘው ቤቴ መጡ።

«ተጭበርብሬያለሁ።»

«ምን ሆኑ?»

«ጣዕም የለውም። ሳሙና ነው። ተነስ እንመልሰው።»

ከሳቸው ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር መጋጨት ነው። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተጭነን ሱፐርማርኬቱ ደረስን። ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ባዶውን ወረቀት ዘረጉና በዚያ በራሳቸው ስዋሂሊ «ሂ ያይ ሃፓና ታሙ!» አሏት። ይህ እንቁላል አይጣፍጥም ማለታቸው ነው። ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ እሳቸውን አየች። «ማማ፣ ኡሜኩላ ዮቴ» አለች። ሁሉንም በልተሽዋል እኮ፣ ማለቷ ነው።

«ጣዕሙን ስፈልግ ነዋ!» አሉ በአማርኛ።

ልጅቷ ባይገባትም ሳቀች። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ስንመለስ ማታቱ ውስጥ «ለካ የሚጣፍጠው እሱ አይደለም» አሉ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ዝም ብለህ መንገዱን እይ» አሉኝ። የምነዳው እኔ አልነበርኩም።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ ታመሙ። ልባቸው ደክሟል አለ ሐኪሙ። እግራቸው አበጠ፣ ሌላው ሰውነታቸው ግን ሟሸሸ። ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ደስ ያላቸውን ሁሉ ይብሉ፣ ብቻ ይብሉ አለ። እንዲህ በሽሮ ውሃ ከቀጠሉ እንደማይቆዩም ሳይደብቅ ለሄለን ነገራት። ሄለን አንድያ ልጃቸው ናት፤ ናይሮቢ ነው ያደገችው።

«ሐኪሙ ሃይማኖቱ ምንድን ነው?» አሉ እትዬ ዘርፌ።

«ማሚ! ሂ ኢዝ ኤ ዶክተር!»

«እሱማ ሥራው ነው።»

አባ ተክሌ መጡ። ታማሚ ፆም አይገደድም፣ እኔ የንስሐ አባትሽ ፈቅጄልሻለሁ አሏቸው። «እርስዎ ፈቀዱ፤ እኔ አልፈቀድኩም» ሆነ መልሱ። ወይዘሮ ብርነሽም በየማታው እየመጡ አልጋው ግርጌ ይቀመጣሉ። ሊጠይቁ ነው የመጡት እንዳትሉ፣ ዓይናቸው ከአልጋው ሥር የወተት ብርጭቆ ይፈልጋል። ሲወጡ «በርቺ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» ይላሉ፣ ሯጭ እንደሚያበረታታ። ይህን እየሰሙ እትዬ ዘርፌ እንዴት ይብሉ? ቢሞቱ ይመርጣሉ። እየሞቱም ነበር።

ፈራሁ። ቀልዴ ሁሉ አለቀብኝ። ናይሮቢ ስገባ ማንም አልነበረኝም። ወባ ሲጥለኝ አጥሚት እያፈሉ አፌ ላይ የያዙልኝ እሳቸው ናቸው። ሳገባ በእናቴ ቦታ የተቀመጡልኝ እሳቸው ናቸው፤ ጴንጤ ቸርች ፊት ወንበር ላይ ሆነው «እዚህ ቤት የሚሰገደው መቼ ነው?» እያሉ ሚዜዎቹን ሲያስቁ ዋሉ። እወዳቸው ነበር። እንዲህ በግትርነት ሲያልቁ ቆሜ ማየት አልቻልኩም።

የኛ የናይሮቢ ጴንጤዎች ፋሲካ፣ ከፈረንጆቹ ጋር የምናከብረው፣ ከነሱ ሆሣዕና ጋር አንድ እሑድ ዋለ። ከቸርች ወጥቼ እንቁላሏን ከፍሪጅ አውጥቼ ሄድኩ። በሩ ላይ አባ ተክሌ ዘንባባ እንደያዙ ያዙኝ።

«አመጣሃት?»

«አምጥቻለሁ አባ።»

«በል ግባና ፈትናት።»

«እኔን? አባ፣ የሰይጣንን ሥራ ለኔ ይሰጡኛል?»

«እኔ ብፈትናት ይቆጠርብኛል» አሉኝ። «አንተ ላይ ግን ብዙም ለውጥ አያመጣም።»

ተከታትለን ገባን። ሄለን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እትዬ ዘርፌ ትራስ ተደግፈው፣ ዓይናቸው ብቻ የቀረ መስለው አዩኝ።

«ዛሬ የናንተ ነው አይደል?»

«አዎ እትዬ።»

«ተነሳ?»

«ተነሳ።»

«እኛ ጋ ገና አህያዋ ላይ ነው ያለው» አሉ።

እንቁላሏን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጥኳት። አዩዋት። እጃቸውን ዘረጉና መዳፋቸው ላይ አደረጓት። አፍንጫቸው ጋ ወሰዷት። ከዚያ መልሰው ሰጡኝ።

«ውሰዳት። ሳምንት ነው የቀረኝ። አንተ መናፍቅ፣ ሳምንት መጠበቅ ያቅተኛል?»

«ማሚ ፕሊስ» አለች ሄለን፣ «ኪዶጎ ብቻ። ትንሽዬ።»

«እምቢ።»

ያኔ ትዕግሥቴ አለቀ። አባ ቆመው፣ ሄለን እያለቀሰች፣ በሽተኛ ላይ ጮህኩ። «ሳምንቱ ቢደርስስ እርስዎ ይደርሳሉ? ብርነሽ ምን ትለኛለች ብለው ነው አይደል? ለብርነሽ ብለው ነው ሊሞቱብን? እኔ ሌላ እናት የለኝም እትዬ! ይህችንም ልጅ ሜዳ ላይ ሊጥሏት ነው!» ከዚያ ወዲያ እንባ ሆነብኝ።

ከውጭ የማታቱ ጥሩምባ ብቻ ይሰማል።

«ስታለቅስ መልክህ እንዴት ያስጠላል» አሉኝ እትዬ ዘርፌ ቀስ ብለው። ሄለንን አዩ፤ ብዙ አዩዋት። ከዚያ ወደ ቄሱ ዞሩ።

«አባ፣ ይዙሩ።»

«ወዴት ልዙር?»

«ወደ ግድግዳው።»

አባ ተክሌ ዘንባባቸውን ይዘው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ወረቀቱን መላጥ ስጀምር ክፍሉ ውስጥ ተንኮሻኮሸ፤ እሳቸው ወዲያው «አቡነ ዘበሰማያት» ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጀመሩ። እኔ በላጥኩ ቁጥር እሳቸው ይጮኻሉ።

ቆርሼ አጎረስኳቸው። ምላሳቸው ላይ ይዘዋት ቆዩ። እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወረደ። «ኧረ ይቅር በለኝ» አሉ፤ ትንሽ ቆዩና «ኧረ እንዴት ይጣፍጣል!» አሉ። ሁለተኛ ጎረሱ፣ ሦስተኛ ጎረሱ። ግማሿ ላይ ሲደርሱ እጄን ያዙ።

«በቃ፣ ይህቺ ለፋሲካ ትቀመጥ። ሄለን! አንዴ ከፈረሰ አይቀር፣ ወተትም አምጪ።»

አባ ተክሌ ግድግዳውን እያዩ «አሜን» አሉ።

ሦስት ቀን በሉ። በር ተዘግቶ፣ ብርጭቆው በነጠላ ተሸፍኖ፣ ወተትና የሥጋ ሾርባ ጠጡ። ድምፃቸው ተመለሰ፤ ረቡዕ ማታ ስልክ ደውለው ግማሿን እንቁላል ልጆቼ እንዳይደርሱባት አስጠነቀቁኝ፣ ሰደቡኝም። ድነዋል ብዬ ለሰላም ነገርኳት። ሐሙስ ጧት እንቅልፍ ላይ እንዳሉ ልባቸው ቆመ።

ቅዳሜ ጧት ቀበርናቸውና ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ሥር ተቀመጥን። ወይዘሮ ብርነሽ አክፍሎት ላይ ስለነበሩ ውሃ እንኳ አልነኩም፤ ይህንንም በድንኳኑ ዞረው ለሁሉም ነግረዋል። ለቀስተኛው ረጋ ሲል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ የምጠይቀው ለክብሯ ብዬ ነው» አሉ። «ዘርፌ ሁዳዴን እንደያዘች ነው ያረፈችው? ሄለን ወተት ይዛ ስትገባ ያየ ሰው አለና።»

ሄለን ፊቷ ዐመድ መሰለ። እኔ በእልህ ልነሳ ስል እጅጌዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። አፌን ብከፍት ነገሩን የማበላሸው እኔ ነኝ። የዕድሜ ልክ ፆማቸው፣ ያቺ ሴትዮ እንዳትነጥቃቸው ሲሉ በረሃብ ሊሞቱለት የነበረው ስማቸው፣ ድንኳን ሥር ሊዘረገፍ ነው።

ወይዘሮ ብርነሽ ወደ አባ ተክሌ ዞሩ። «አባ፣ እርስዎ በሆሣዕና አጠገቧ ነበሩ። ምን አዩ?»

አባ ተክሌ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ግድግዳ» አሉ።

«ምን?»

«ግድግዳ ነው ያየሁት። ቀለሙ ተላልጧል። ሄለን፣ ልጄ፣ ሲመችሽ አስቀቢው።»

ሄለን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ በሳቅ ትንፈቀፈቅ ጀመር። ሴቶቹ ለቅሶ መስሏቸው «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያሉ ከበቧት። ወይዘሮ ብርነሽ ሌላ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱና አባ ቄስ መሆናቸውን አስበው ነው መሰለኝ መልሰው ዘጉት።

አባ ተክሌ ለመሄድ ሲነሱ እኔ ጋ ቆም አሉ።

«ግማሿ አለች?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አለች አባ። ፍሪጅ ውስጥ ናት።»

«ነገ ከቅዳሴ ስወጣ ቤትህ እመጣለሁ። ሄለንንም ጥራት፤ አብረን እንፈታላታለን።» ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ተመልሰው ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «አንተ መናፍቅ፣ እስከዚያ እንዳትነካት። ፆም ነው።»